እንግዳው አልሄድም ሲል



ውድ አድማጮቻችን! ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ብዙ ቤተሰብ ውስጡን እያመመው አፉን የሚዘጋበት ነው። ለጥቂት ቀናት ብሎ ገብቶ ወራት ስለተቀመጠ እንግዳ እናወራለን።

እስቲ እንዲህ ያለ ቤት እናስብ። ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ። የባል የአጎት ልጅ ለሕክምና ብሎ ከገጠር ይመጣል። “ሳምንት ብቻ” የተባለው ቆይታ ስምንት ወር ሞላው። ሕመሙም ከተሻለው ሰንብቷል። ልጆቹ መሬት ላይ ይተኛሉ። እናትየው በገዛ ቤቷ ከንጋት እስከ ማታ ከሒጃቧ አትላቀቅም። ባል እንዳይናገር ይሉኝታ ይዞታል፤ ሚስት ስትናገር “ዘመዴን ጠላሽ” ትባላለች። በመጨረሻ እንግዳው ተደላድሎ ተቀምጦ ባልና ሚስቱ ይጣላሉ።

ይህ ቤተሰብ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። እንግዳን “በቃህ” ማለት ኃጢኣት ነውን? አልወጣም ቢልስ ምን ይደረጋል?

የእንግዳ ሐቅ ልክ አለው

እንግዳን ማክበር የኢማን ምልክት መሆኑን የአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ነገር ግን ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሹረይሕ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ለመስተንግዶ ልክ ተደርጎለታል። የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት እንግዳው በተለየ ሁኔታ የሚከበርበት ነው። መስተንግዶው ሦስት ቀን ሲሆን ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ሰደቃ ነው። እንግዳው አስተናጋጁን እስኪያስጨንቅ መቀመጥ እንደማይፈቀድለትም በዚያው ሐዲስ ተገልጿል። እንግዲህ ሰደቃ በፈቃድ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ማንም በግድ አይወስደውም።

በሱረቱል አሕዛብ 53ኛው አንቀጽም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ተጋብዘው፣ ከበሉ በኋላ በወሬ ስለተቀመጡ ሰዎች እናነባለን። ነቢዩ “ውጡ” ለማለት አፍረው ነበር፤ አላህ (ሱ.ወ) ግን ሲበሉ እንዲበተኑ አዘዘ። ይሉኝታ የያዘው የቤት ባለቤት ከዚህ ትልቅ ትምህርት ያገኛል። በተጨማሪም የባል ወንድ ዘመዶች ከሚስቱ ጋር ለብቻ እንዳይሆኑ የመጣው ማስጠንቀቂያ ጠንካራ ነው። ስለዚህ የእናትየው ጭንቀት ክፋት አይደለም። የዲን ጉዳይ ነው።

በእርግጥ እንግዳ ነውን?

“ውጣ” ከማለታችን በፊት ሰውየው በሕግ ዓይን ማን እንደሆነ እንለይ። የቤት ኪራይ የሚከፍል ከሆነ ተከራይ እንጂ እንግዳ አይደለም። በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ተከራይን እንደ እንግዳ ማስወጣት አይቻልም።

ቤቱ ገና ያልተከፋፈለ የአባት ውርስ ከሆነ ደግሞ እዚያው የተቀመጠው ወንድም ወይም እህት ወራሽ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ድርሻው ይታወቅለት። ሚስትም በባሏ ቤት እንግዳ አይደለችም። በመካከላቸው ያለው በጋብቻ ሕግ እንጂ ዛሬ በምንለው መንገድ አይፈታም።

ከእነዚህ ውጭ ከሆነና በእኛ በጎ ፈቃድ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ፣ ፈቃዳችንን ስናነሳ የመቀመጥ መብቱም ያበቃል።

በአፍ፣ በሽማግሌ፣ በጽሑፍ

በመጀመሪያ ባልና ሚስት ለብቻቸው ተነጋግረው በአንድ ቃል ይስማሙ። ከዚያም የእንግዳው ዘመድ የሆነው እርሱ ራሱ ይናገር። ፊት መንሳት፣ ሳህን ማንኳኳት፣ ነገር በአሽሙር መወርወር ቂም ከማትረፍ በቀር ፋይዳ የለውም። “ወንድሜ፣ ቤታችን ጠቦናል። እስከ መጪው ወር መጀመሪያ ማረፊያ ፈልግ፤ እኛም እናግዝሃለን” ብሎ ቁርጥ ያለ ቀን መስጠት ይበቃል። የመሳፈሪያ ወይም የአንድ ወር የቤት ኪራይ መርዳት ከተቻለ ዝምድናውን ያቆየዋል። ሰውየው በእርግጥ የታመመ ወይም መውደቂያ የሌለው ከሆነ ዘመዶችን፣ ጀመዓውንና እድሩን ሰብስቦ ሸክሙን መካፈል እንጂ ጎዳና ላይ መጣል የሙስሊም ሥራ አይደለም።

ቀኑ ካለፈ የሚያከብራቸውን ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መነጋገር ነው። ያም ካልሠራ የሚለቅበት ቀን የተጻፈበት አጭር ደብዳቤ በምስክሮች ፊት ይሰጠው፤ ግልባጩም ይቀመጥ። ይህ ወረቀት በኋላ ፈቃዳችሁን ማንሳታችሁን ያስረዳላችኋል።

ወደ ሕግ ሲኬድ

አንዳንዶች በቀጥታ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 መሠረት የፌደራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ጋብቻና ፍቺን፣ ቀለብን፣ ውርስን፣ ወቅፍን፣ ስጦታንና ኑዛዜን የመሳሰሉ ጉዳዮች ናቸው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። እንግዳን ማስለቀቅ የመደበኛው ፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

በሕጉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የወንጀል ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 604፣ በሰላም ገብቶም ቢሆን የቤቱ ሕጋዊ ነዋሪ “ውጣ” ሲለው እምቢ ብሎ የሚቀመጥን ሰው ይቀጣል። ጥበቃው ለሕጋዊው ነዋሪ ስለሆነ ተከራይም ይጠቀምበታል። ወንጀሉ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ነው፤ ስለዚህ ድርጊቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ነው። እንግዳው “እኔም መብት አለኝ” ብሎ ከተከራከረ ነገሩ ወደዚህ ያመራል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1206 ባለቤት ንብረቱን ያለ ሕግ ከያዘበት ሰው እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። አንቀጽ 1149 ደግሞ ይዞታው የተነካበት ሰው ሁከቱ እንዲወገድለት በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ መብት ይሰጣል። የቤቱን ካርታ ወይም የኪራይ ውሉን፣ የደብዳቤውን ግልባጭና ምስክሮቻችሁን አዘጋጁ። የተፈረደበት ሰው አልወጣም ቢል የሚያስወጣው የፍርድ አፈጻጸም ነው።

እጃችሁን ሰብስቡ

ዕቃውን ሜዳ ላይ መጣል፣ በሌለበት ቁልፍ መቀየር፣ ጎረምሳ ሰብስቦ መደብደብ ሐቅ ያለውን ሰው ተከሳሽ ያደርገዋል። “ገንዘብ ነበረኝ፣ ጠፋ” ቢባል ምን ትመልሳላችሁ? እንግዳው በበኩሉ ከዛተ፣ ከተማታ ወይም ልጆችን ካስፈራ ግን ሽማግሌም ደብዳቤም ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ፖሊስ ይጠራ።

ውድ አድማጮች! ሰው ቤት ያረፋችሁም ብትኖሩ ራሳችሁን ጠይቁ። የቤቱ እናት ሒጃቧን አውልቃ የምታርፍበት ሰዓት አላት? ልጆቹስ የት ይተኛሉ? “ሂድ” ሳይባል በጊዜ የሚነሳ እንግዳ ሲመለስም በሩ ክፍት ነው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።