ቆሼን እንተዋወቅ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከዘነበወርቅና ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የሚገኘው ቆሼ ወይም ረጲ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክሟል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የክምሩ አንድ ጎን ተናደና ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ልክ ከስድስት ዓመት በፊት በዚያው ዕለት፣ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ጃፓን ውስጥ ሱናሚ የፉኩሺማን የኑክሌር ጣቢያ መትቶ ነበር። የፉኩሺማ ገበሬዎች ሩዛቸው ለጨረር ከረጢት በከረጢት ተመርምሮ ንጹሕ ከተባለ በኋላ እንኳ ገዢ ሸሽቷቸዋል። በቆሼም እንዲሁ ነው፤ አደጋ የጎዳውን ሰው ወሬ ደግሞ ይጎዳዋል፤ ወሬን የሚያሸንፈውም ቦታውን በማስረጃ ማወቅ ነው።

ስለ ቆሼ ነዋሪዎች «ማን ቆሻሻ ሥር ስፈሩ አላቸው?» ሲባል ይሰማል። የነገሩ አመጣጥ ግን ሌላ ነው። የዛሬው አለርት የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሆኖ በ1920ዎቹ እዚያ ሲቋቋም፣ ወገን ያገለላቸው ሕሙማን በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ፤ ቆሻሻው የመጣባቸው ከዚያ በኋላ ነው። እርግጥ ኑሮ የከበዳቸው ሌሎችም ኋላ ላይ ተጨምረዋል። ቢሆንም ክምሩን ያሳደገችው ከተማዋ ናት። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ የተከፈተው አዲስ ማስወገጃ በገበሬዎች ተቃውሞ ሲዘጋ፣ ቆሻሻው ተመልሶ ቆሼ ላይ ተደፋ። ከክምሩ ላይ እየለቀሙ የሚተዳደሩት ሰዎች በበኩላቸው ፕላስቲኩንና ብረቱን ለይተው ለዳግም አገልግሎት በማብቃት ከተማዋን ሲያገለግሉ ኖረዋል።

«ሽታውና ጋዙስ ወሬ ነው?» የሚል ይኖራል። አይደለም፤ አየር ያጣ ቆሻሻ ሲበሰብስ ሚቴን ያመነጫል፣ ውሃ የጠጣ ቁልልም ከብዶ ይንሸራተታል። ይህ ግን የታወቀ መላ ያለው የምህንድስና ጉዳይ ነው። ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት ድጋፍና በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም አማካይነት «የፉኩኦካ ዘዴ» የሚባለው አሠራር ቆሼ ላይ ተሞክሯል። በዚህ ዘዴ የተበሱ ቱቦዎች ከክምሩ ሥር ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ በእነሱ ይወጣል፣ ንጹሕ አየርም በእነሱ ይገባል። አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይረጋል፣ የሚያመነጨው ሚቴንም ይቀንሳል። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫም በቀን 1,400 ቶን ያህል ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ የታቀደ ነው።

እንግዲህ የክምሩን አደጋ ከሰፈሩ ሰው ለይተን እንየው። ክምሩ ቱቦ፣ ክትትልና በጀት ያስፈልገዋል፤ ሰዎቹ የሚያስፈልጋቸው ሥራ፣ ቤትና ክብር ነው። አንባቢም ከቤቱ መጀመር ይችላል፤ የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው ይለይ፣ «የቆሼ ልጅ ነው» የተባለውን ሥራ ፈላጊም በሰፈሩ ሳይሆን በችሎታው ይመዝን።