ኢንሹራንሱ አልከፍልም፣ ሆስፒታሉ ክፈል ሲል

አሜሪካ ውስጥ የታከመ ሰው ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ሁለት ዓይነት ፖስታ ይደርሰዋል። አንደኛው ከኢንሹራንስ ኩባንያው የሚመጣ መግለጫ ነው። ሆስፒታሉ ስንት እንደጠየቀ፣ ኩባንያው ስንት እንደፈቀደ፣ የታካሚው ድርሻ ስንት እንደሆነ ይዘረዝራል፤ «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ጽሑፍም አለበት። ሁለተኛው ራሱ ቢሉ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ካልተስማሙ፣ ወይም ኢንሹራንሱ ጭራሽ አልከፍልም ካለ፣ ታካሚው በሁለት ድርጅቶች መካከል ይቆማል። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ግን ቢሉ መምጣቱን አያቆምም።

ነገሩ የቆየ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን ሲገድብ ቀጣሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ የጤና ኢንሹራንስን በጥቅማ ጥቅም መልክ ማቅረብ አበዙ፤ በ1954 የወጣው የግብር ሕግም አሠራሩን አጸናው። ከዚያ ወዲህ የሚያክመው አንድ፣ የሚከፍለው ሌላ፣ የሚታከመው ሦስተኛ ወገን ሆኖ ቀረ። ታካሚው ሆስፒታል ሲገባ የሚፈርመው ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ኢንሹራንሴ ያልከፈለውን እኔ እከፍላለሁ» የሚል ቃል አለበት። ሆስፒታሉ ኢንሹራንሱን ትቶ ታካሚውን የሚያሳድደው ይህን ፊርማ ይዞ ነው።

ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ፖሊሲ ጥናት ተቋም እንደሚለው፣ በፌዴራሉ የኢንሹራንስ ገበያ የሚሳተፉ ኩባንያዎች በ2023 በኔትወርካቸው ውስጥ ካሉ፣ ማለትም ውል ካላቸው፣ ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ከቀረበላቸው የክፍያ ጥያቄ 19 በመቶውን ውድቅ አድርገዋል። ይግባኝ የተባለበት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ይግባኝ ከተባለበት ውስጥ ኩባንያዎቹ በውሳኔያቸው የጸኑት በ56 በመቶው ብቻ ነው። በቀረው ውሳኔው ተቀልብሷል። እንግዲህ ብዙ ሰው ሳይከራከር የሚከፍለው ገንዘብ ውስጥ መክፈል ያልነበረበት ይኖራል ማለት ነው።

ችግሩ የሚከረው ግን የጊዜው አቆጣጠር ላይ ነው። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ በተለምዶ ኦባማኬር የሚባለው፣ ታካሚው እምቢታው ከደረሰው ጀምሮ ይግባኝ የሚልበት 180 ቀን ይሰጠዋል። ሕክምናው አስቀድሞ የተሰጠ ከሆነ ኩባንያው በ60 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። አሁንም እምቢ ካለና ክርክሩ የሕክምና ዳኝነት የሚጠይቅ ከሆነ፣ በአራት ወር ውስጥ ጉዳዩን ወደ ገለልተኛ ገምጋሚ መውሰድ ይቻላል። ገምጋሚው በ45 ቀን ይወስናል፣ ውሳኔውም ኩባንያውን ያስገድደዋል። ይህ የኢንሹራንሱ ሰዓት ነው።

ሆስፒታሉ የሚቆጥረው ሌላ ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች የመጀመሪያውን ቢል ከላኩ በኋላ 120 ቀን እስኪሞላ ድረስ መክሰስ፣ ደመወዝ ማስያዝ ወይም ዕዳውን ለክሬዲት ድርጅቶች ማስታወቅ አይችሉም። የእርዳታ ማመልከቻም እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለባቸው። ለትርፍ የሚሠራ ሆስፒታል፣ ለብቻው ቢል የሚልክ የማደንዘዣ ሐኪም ወይም ላቦራቶሪ ግን በዚህ ደንብ አይታሰርም። ደግሞም ይግባኝ ስላሉ ብቻ ሆስፒታሉ መጠየቁን እንዲያቆም የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ኢንሹራንሱም «ጉዳዩ ገና አልተዘጋም» ብሎ ለሆስፒታሉ አይደውልም። ይህን የመናገሩ ሥራ፣ ፍትሐዊ ባይሆንም፣ የታካሚው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ ወደ ሆስፒታሉ ቢሊንግ ክፍል ይሁን። አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ይገልጣል፦ ኢንሹራንሱ የመለሰላችሁ ኮድ «ሲኦ» ነው ወይስ «ፒአር»? «ሲኦ» ከሆነ ገንዘቡ ሆስፒታሉ ከኢንሹራንሱ ጋር ባለው ውል የሚታይ ነው፤ ከታካሚ አይጠየቅም። «ፒአር» የታካሚ ድርሻ ማለት ነው። አጠገቡ ያለው ቁጥር ምክንያቱን ይናገራል። 29 ሆስፒታሉ ጥያቄውን አዘግይቶ ልኳል፣ 197 ቅድመ ፈቃድ አልተገኘም፣ 50 ሕክምናው አስፈላጊ አልነበረም፣ 22 ደግሞ ሌላ ኢንሹራንስ ሳይኖር አይቀርም ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ባልና ሚስት በየመሥሪያ ቤታቸው ኢንሹራንስ ባላቸው ቤተሰቦች ላይ የሚደርስ ነው፤ አንዳንዴ ወደ ኢንሹራንሱ አንድ ስልክ በመደወል ይፈታል። 50 ግን ያለ ሐኪሙ ደብዳቤ አይረታም።

ቀጥሎ ለሆስፒታሉ በጽሑፍ ማስታወቅ ይገባል። ይግባኝ የተባለበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ጠቅሰው፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ሒሳቡ እንዲቆይና ወደ ኮሌክሽን፣ ማለትም ወደ ዕዳ ሰብሳቢ፣ እንዳይላክ ይጠይቁ። ብዙ ሆስፒታሎች እሺ ይላሉ፤ እሺታውን በጽሑፍ መቀበል ግን የግድ ነው። ከአንድ ሕክምና ሦስት አራት ቢል ከመጣ ደብዳቤውም ለእያንዳንዱ ነው። ጉዳዩ ኮሌክሽን ከገባም ማስታወቂያው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወሙ፣ ሰብሳቢው ዕዳውን እስኪያረጋግጥ ድረስ መጠየቁን ማቆም አለበት። ይህን የሚያዝዘው በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ነው።

እኛ ዘንድ ዕዳ ነውር ስለሆነ ይመስለኛል፣ «ልገላገለው» ብሎ ቢሉን ክሬዲት ካርድ ላይ የሚጭን አለ። አይደረግም። ካርድ ላይ የገባ ዕዳ የሕክምና ዕዳ መሆኑ ይቀርና ጥበቃውን ያጣል። ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች፣ ኢክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን፣ ከ2022 ወዲህ የሕክምና ዕዳን አንድ ዓመት ሳይሞላው አይመዘግቡም፤ ከ2023 ጀምሮም ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ትተዋል። ይህ ግን የራሳቸው ፈቃድ ነው። የሕክምና ዕዳን ሁሉ ከክሬዲት ሪፖርት ያስወጣ የነበረው የፌዴራል ደንብ በጥር 2025 ቢወጣም በሐምሌ ቴክሳስ ያለ ፍርድ ቤት ሽሮታል።

ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሌላ ሕግ በኢመርጀንሲ ሕክምና ጊዜ ከኔትወርክ ውጭ ያለ ሐኪም በጠየቀውና ኢንሹራንሱ በፈቀደው መካከል ያለውን ልዩነት ከታካሚ እንዳይጠይቅ ከልክሏል። የመንገድ አምቡላንስ ግን አልተካተተም፤ ለምን እንደተተወ አሳማኝ ምክንያት አላየሁም። በዚህ ሕግ ላይ ቅሬታ ካለ 1-800-985-3059 ይደወላል።

ኢንሹራንሱን የሰጠው ቀጣሪው ከሆነና ክፍያውም ከቀጣሪው ካዝና የሚወጣ ከሆነ አቤቱታው ለፌዴራሉ የሥራ መሥሪያ ቤት ነው፤ ካልሆነ ለስቴቱ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪ። ሜሪላንድ ያሉ ሰዎች በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር የጤና ጉዳይ ድጋፍ ክፍል አላቸው፤ ዋሽንግተን ዲሲም የጤና እንባ ጠባቂ ቢሮ አለ። ሁለቱም ያለ ክፍያ ይረዳሉ። በእንግሊዝኛ መከራከር ለሚከብደው፣ ኢንሹራንሱ የሚልካቸው ወረቀቶች መጨረሻ ገጽ ላይ በብዙ ቋንቋ በደቃቁ ከተጻፉት መስመሮች መካከል አማርኛም ብዙ ጊዜ አለ፤ ፊደሉ አንዳንዴ ቢዛባም። እዚያ ያለውን ቁጥር ደውለው «አማርኛ» ይበሉ። አስተርጓሚው በነጻ ነው፤ ማቅረቡም የኢንሹራንሱ ግዴታ ነው።