የበዓል ማግሥት ዒላማ

በደጋው አገር ፋሲካ በእሑድ አያልቅም። ዶሮው እሑድ ይበላል፣ በጉም እሑድ ይታረዳል፤ ዘመድ ከያለበት ተሰብስቦ በልቡ የሚጫወተው ግን ማግሥቱን ነው። እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በብዙ ቤት እንደ ተለመደው፣ ከከተማ የመጣው ተማሪና ጸሐፊ ከገጠሩ ወንድሙ ጋራ በአንድ መደብ ላይ ተቀምጦ ጠላው ሁለተኛ ጊዜ ሲቀዳ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እስቲ ዒላማ ይተከል» ይል ነበር። ከዚህ ቃል በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀር ወንድ አይገኝም። ሴቶቹም «ይኽ ደግሞ ምን ያለ ዕብደት ነው» እያሉ ይወጣሉ እንጂ አይቀሩም።

የሚተከለው ነገር ውድ አይደለም። ነጭ ድንጋይ፣ አሮጌ ቅል፣ ተኳሾቹ የታወቁ እንደ ሆነ ደግሞ በጭቃ ላይ የቆመ እንቍላል ነው። ጨዋታው ከጉግስና ከገና ጋራ የሚቈጠር ነው፤ ልዩነቱ ጉግስ ፈረስ፣ ገናም ሜዳ ሲፈልግ፣ ዒላማ የሚፈልገው ጠብመንጃና ከበስተ ኋላው ጥይት የሚያስቀር ጠንካራ አፈር መሆኑ ነው። ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ እርሱ ነውና።

ጠብመንጃ በደጋ ቤት ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ የታሪክ መዝገብም ነበር። ስሞቹን ብቻ ልብ ብሎ ያዳመጠ ተማሪ ብዙ ይማራል። «ሰናድር» የሚባለው፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የጀኔራል ናፒየር ጦር አሮጌ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋራ ሲዋጋ የያዘው የእንግሊዞች ስናይደር ነው። «ውጅግራ»ም ፈረንሳዮች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 የሠሩት፣ በቋንቋቸው ፉዚል ግራ የሚባለው ሲሆን፣ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመተው ሠራዊት ብዙው ይኽን ይዞ ነበር። ገበሬው የባዕዱን ስም በአፉ አለስልሶ የራሱ አደረገው። አንዳንድ ሽማግሌ የልጆቹን የትውልድ ዓመት ቢረሳ እንኳ የትኛው ጠብመንጃ በየትኛው ዘመን ወደ ቤቱ እንደ ገባ አይረሳም።

በሰሜን ሸዋ የሚኖሩት የእናቴ ታላቅ ወንድም እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። በበዓል ማግሥት ዒላማ የሚያስተክሉትም፣ የሚዳኙትም እርሳቸው ናቸው። ሕጋቸው አጭር ነው። ተኳሽ በደረቱ ይተኛል፤ ሕፃናት ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ጥይት የሚጐርሰው ተራው የደረሰ ሰው ብቻ ነው፤ አፈ ሙዙ ወደ ሰው የዞረ እንደ ሆነ ባለቤቱ ለዚያ ዓመት ተኵስ የለውም። ከሁለት ብርሌ ጠጅ በላይ የጠጣም ተመልካች እንጂ ተኳሽ አይሆንም። በዚህ በመጨረሻው ሕግ ምክንያት ከመንደሩ ታላላቅ ተኳሾች አንዳንዶቹ በየዓመቱ ተመልካች ሁነው ይቀሩ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ፋሲካ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራ የያዘ አንድ የአክስቴ ልጅ ቅሉን በመታ ጊዜ፣ ደስታው ከልክ አልፎ ተነሥቶ ጠብመንጃውን ወደ ሰማይ አቀና። አጎቴ በዱላቸው አፈ ሙዙን ዝቅ አደረጉት።

«ጋሼ፣ ሰማዩ ባዶ ነው እኮ» አላቸው።

«ሰማዩስ ባዶ ነው፤ ከሥሩ ያለው ምድር ነው ባዶ ያልሆነው። ያቺ ጥይት ማን ቤት እንደምትገባ ነግራሃለች?»

ሰውየው ፊደል እንጂ ፊዚክስ አልተማሩም፤ ነገራቸው ግን በሙከራ የተረጋገጠ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ጁልያን ሃቸር የተባለ የአሜሪካ ጦር መኰንን ስለ ወደ ሰማይ ተኵስ በጻፈው ላይ፣ ቀጥ ብሎ የተተኰሰ የጠብመንጃ ጥይት አንድ ደቂቃ ያህል ቈይቶ ሲወርድ ፍጥነቱ በሴኮንድ 90 ሜትር ያህል መሆኑን አመልክቷል። የሰውን ቆዳ ለመብሳት 60 ሜትር ያህል ይበቃል። ይኽም ቀጥ ብሎ ለወጣው ነው። አፈ ሙዙ ትንሽ ያዘነበለ እንደ ሆነ ጥይቱ ከዚህ በበለጠ ፍጥነት፣ ተኳሹ በዐይኑ ከሚያየው አገር አልፎ ይወርዳል። በዛሬ ጊዜ በየቤቱ ያለው ክላሽንኮቭ ጥይቱን የሚወረውረው በሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ነው። አንባቢ ሆይ፣ በሠርግና በጥምቀት «ለደስታ ነው» እየተባለ የሚተኰሰውን እዚህ ላይ አስብ።

እንግዲህ ወደ አፈሩ እንመለስ። የአጎቴ ዒላማ የሚተከለው ከአንድ ተረተር ግርጌ ነበር። በልጅነታቸው ከተረተሩ ማዶ ያለው የከብት ግጦሽ ብቻ ስለ ነበረ፣ የሳተ ጥይት ቢያልፍ እንኳ የሚያገኘው ሣር ነው። ነገር ግን የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ የሕዝብ ሆኖ ለአራሹ ከተደለደለ ወዲህ፣ ያ ድርሻ ደግሞ ለልጆች፣ ከልጆችም ለልጅ ልጆች እየተከፈለ ሄደ። ሕዝቡም በ1976 ዓ.ም. ቈጠራ 42 ሚሊዮን ያህል የነበረው በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ወደ 74 ሚሊዮን ተጠጋ። ይኽ ቍጥር በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው፤ በዚያ ተረተር ማዶ ግን አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ አጥር፣ ጡት የምታጠባ ሴት ማለት ነው።

በ2004 ዓ.ም. ፋሲካ ማግሥት ከተረተሩ ማዶ አንድ ጐበዝ የቤቱን ሰው አስከትሎ መጣ። እጁን ሲዘረጋ በመዳፉ ላይ የተጣመመ ጥይት አለ። ጣራውን በስቶ ገብቶ በዱቄቱ ጎታ ውስጥ ተገኝቷል። ጎታው የቆመው ሕፃኑ ከሚተኛበት መደብ ሁለት ክንድ ርቆ ነው። ጐበዙ አልጮኸም፤ ባይጮኽም ፊቱን ማየት ያስፈራ ነበር።

ሁሉም በአንድ ቃል «የእኔ አይደለም» አለ። ከዚያም ዐይን ሁሉ ወደ ወረዳው ጸሐፊ ዞረ፤ ከሰባት ዓመት በፊት ወደ ሰማይ ሊተኵስ የነበረው እርሱ ነውና። እርሱም እየማለ ካደ፤ እናቱ ማልቀስ ጀመረች፤ ዘመድ ለሁለት ሊከፈል ትንሽ ቀረው። አጎቴ ግን ማንንም ሳይጠይቁ ዱላቸውን ይዘው ወደ ሰውየው ቤት ሄዱ። ከጣራው ቀዳዳ እስከ ጎታው ቀዳዳ ሲባጎ አስወጠሩና በሲባጎው አቅጣጫ ዐይናቸውን ላኩ። ጥይቱ ከላይ የወረደ አልነበረም፤ የተረተሩን ጫፍ ታክኮ የመጣ ነው። ለዒላማው ተተኵሶ ከፍ ብሎ የሳተ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከስምንቱ ተኳሾች የማናቸውም ሊሆን ይችላል፤ የእርሳቸውም ጭምር።

«ጸሐፊውን ተዉት» አሉ። «ዒላማውን የተከልኩት እኔ ነኝ።»

በዚያው ሳምንት የቆርቆሮውን ዋጋ ከኪሳቸው ከፍለው፣ ጎታውን በአዲስ አስተክተው፣ ሽማግሌ ይዘው ይቅርታ ጠየቁ። የሰውየውን ልብ ያበረደው ቆርቆሮው አይመስለኝም፤ ሲባጎውን ሲወጥሩ አብሮ ይዞላቸው ነበርና።

ቀጥሎ ያለውን ዓመት ዒላማው ወደ ፈፋ ወረደ። የፈፋው ግድግዳ ከሦስት ሰው ቁመት ይበልጣል። ሽማግሌዎቹ ቁልቁለቱን መውረድ ስለማይችሉ የተመልካቹ ቍጥር በግማሽ ቀነሰ፤ «ይኽ የጕድጓድ ተኵስ ነው» ብለው የቀሩም ነበሩ። አጎቴ ግን በዱላቸው እየተመረኰዙ ይወርዱ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177 ወጣ። ፈቃድና ምዝገባ የሚጠይቀውን ይኽን ሕግ ለሽማግሌው ያነበበላቸው ያው የወረዳው ጸሐፊ ነው። ሁለት ጊዜ አስነበቡት። ከዚያ ግን ከዐዋጁ የበለጠ ነገር መጣ። በ2015 ዓ.ም. በዐማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ፣ በዚያ አገር አንዲት ተኵስ ስትሰማ ይኽች የፋሲካ ናት ብሎ የሚያርፍ ጎረቤት የለም። እናት ልጇን ትጠራለች፤ በር ይዘጋል። አጎቴም የተኵሱ ዒላማ ከእንግዲህ አይተከልም አሉ፤ ምክንያቱን የጠየቃቸውም አልነበረም።

ባለፈው ፋሲካ ማግሥት ግን ቅሉ ፈፋው ውስጥ ቆሞ ነበር። ልጆቹ ማሽላ ሲጠብቁ ወፍ የሚያባርሩበትን ወንጭፍ ይዘው ተሰልፈዋል። ሽማግሌው በድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ማንም ከተራው በፊት ድንጋይ እንዳያጐርስ በዱላቸው ይከለክላሉ። ከተረተሩ ማዶ የመጣው፣ ያን ጊዜ መደብ ላይ ተኝቶ የነበረው ልጅ፣ በሦስተኛው ወርውሮ ቅሉን ሰነጠቀው።

«የማን ልጅ ነህ?» አሉት፤ ዐይናቸው ደክሟል።

ልጁ የአባቱን ስም ነገራቸው። የበጉን ሽንጥ ይዞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዘዙ።