ከቆርቆሮ ጣሪያ እስከ ተከዜ፦ በሰቆጣ ለባሕር ዓሣ የሚሆን ውኃ

የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ናት። ዝናቡ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይገባና በመስከረም መባቻ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም በጋ ነው። በእንዲህ ያለ ደጋ የባሕር ዓሣ በቤቱ ማኖር የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መስታወቱ ገንዳና ስለ ዓሣው ቀለም ነው። ከሁሉ መቅደም ያለበት ግን የውኃው ነገር ነው። ባሕሩን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ጭኖ ማምጣት ስለማይሞከር፣ እዚሁ ካለ ጨው አልባ ውኃ ቀምሞ መሥራት ግድ ይሆናል። ስለዚህ በሰቆጣና በአካባቢዋ የሚገኙትን የውኃ ዓይነቶች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ይመዝናል፤ ውኃው ለዓሣው ይስማማል ወይ? ደግሞስ ከማን አፍ ይወሰዳል?

የተለመደው የውቅያኖስ ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል የሟሟ ጨው አለው። ቀይ ባሕር ትነቱ ብዙ፣ የሚገባለት ወንዝ ደግሞ የለም ለማለት የሚያስደፍር ስለሆነ ወደ 40 ግራም ይደርሳል። ከዚህ ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ሲሆን፣ የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም ናቸው። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየሙ ነው፤ በአንድ ሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። የውኃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ8.1 እስከ 8.4 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ለገንዳ ተብሎ የሚሸጠው የባሕር ጨው ዱቄት እነዚህን ሁሉ በልካቸው ይዟል። ከእኛ የሚጠበቀው የሚሟሟበት ውኃ ከራሱ ምንም ሳይጨምር እንዲገባ ማድረግ ነው። ለመጠጥ ምርጥ የሆነ ውኃ ለባሕር ገንዳ የማይስማማበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሰውን የሚጠቅመው ማዕድን እዚያ የቅመማውን ልክ ያዛባል።

ጨውን በተመለከተ ሰቆጣ እንግዳ አይደለችም። ከአፋር ዝቅታ የሚቆረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ሰቆጣ ከታወቁት ገበያዎቹ አንዷ ነበረች። ታዲያ አሞሌን በውኃ አሟሙቶ ባሕር መሥራት አይቻልም ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አይቻልም። የባሕር ውኃ ሲተን ማዕድኖቹ አብረው አይደርቁም። በመጀመሪያ ካልሲየሙ ጂፕሰም ሆኖ ይዘቅጣል፤ ቀጥሎ የምንበላው ጨው ይጋገራል፤ ማግኒዥየምና ፖታሲየሙ መጨረሻ በሚቀረው መራራ ውኃ ውስጥ ይቀራሉ። የተቆረጠው አሞሌ እንግዲህ የባሕሩ አንድ ክፍል ብቻ ነው። በከረጢት የሚሸጠው አዮዲን የተጨመረበት የገበታ ጨውም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ለወጥ እንጂ ለኮራል አይሆኑም።

ወደ ውኃው እንመለስ። በአካባቢው ለዓይን የሚቀርበው ወንዝ ነው፤ ጸላሪ አለ፣ በቆላው ተከዜ አለ፣ በየሸለቆው ደግሞ በክረምት ብቻ የሚወርዱ ጅረቶች ሞልተዋል። የዋግ መሬት እጅግ የተሸረሸረ በመሆኑ እነዚህ ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ አፈር ተሸክመው ነው የሚወርዱት። ጭቃው ግን ቢዘቅጥ ይጠራል፤ ቢጣራ ይወጣል። የሚያሰጋው በዓይን የማይታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ምልከታ የተነሣው ጥናት እንዶድን የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ መከላከያ አድርጎ ለዓለም አስተዋወቀ፤ ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድን ሳሙና የሚያደርገው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር የዓሣንም ስንጥብ ይጎዳል። ከልብስ ማጠቢያ በታች የተቀዳ ውኃ የቱንም ያህል ጥርት ቢል፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ያለበት ገንዳ ውስጥ ቢገባ ምን ሊሠራ እንደሚችል ዐድዋ ላይ የታየው ይነግረናል።

እንዶድ ብቻም አይደለም። በአገራችን የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ እየተነሰነሰ ዓሣ ሲጠመድበት ኖሯል፤ ዓሣውን የሚያደነዝዘው መርዝ ነው። ዋግ ደግሞ የፍየል አገር ነው፤ የአበርገሌ ፍየል በዝርያነቱ የታወቀ ነው። መንጋ ሲበዛ ለመዥገርና ለቅማል የሚረጨው መድኃኒትም ይበዛል። ብዙዎቹ እነዚህ መድኃኒቶች የተሠሩት መዥገርን ለመግደል ስለሆነ፣ የመዥገር ሩቅ ዘመድ የሆኑትን ሽሪምፕና ሸርጣንን በጣም በጥቂት መጠን ይገድላሉ። በነዚህ ምክንያቶች የወንዝ ውኃን ለባሕር ገንዳ ከምርጫ አወጣዋለሁ።

ምንጭና ጉድጓድ ይሻላሉ፤ የራሳቸው ጠባይ ግን አላቸው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውኃ ሲሊካ ይዞ ይመጣል። ሲሊካ ሰውን አይጎዳም፤ በባሕር ገንዳ ውስጥ ግን መስታወቱንና አሸዋውን የሚያለብስ ቡናማ ዋቅላሚ ይቀልባል። የኖራ ድንጋይ ባለበት ደግሞ ውኃው ከባድ ይሆናል፤ ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲጋገር ከታየ ምልክቱ እሱ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ብረት ይበዛበታል። እንደተቀዳ ዓሣ ቢገባበት ይታፈናል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ሙሉ አየር እየተነፋበት ማደር አለበት። ከሽንት ቤትና ከበረት አጠገብ የተቆፈረ የእጅ ጉድጓድ ናይትሬት ሊኖረው ይችላል። በእጅ የሚገፋ ፓምፕም ዚንክ በተቀባ የብረት ቱቦ የተሠራ ከሆነ ዚንኩ ወደ ውኃው ይገባል። ምንጩ ጸበል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዚህ ሁሉ በፊት ያለቀ ነው፤ ለመዝናኛ አይነካም።

የቧንቧና የቦኖ ውኃ በክሎሪን የታከመ ነው። ለመጠጥ ደኅንነት በአንድ ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንዲቀርበት ይደረጋል፤ ይህ መጠን ለዓሣ ስንጥብ ብዙ ነው። በቤት ውስጥ ውኃ አጋር የተባለው ማከሚያ የተጨመረበት ጄሪካንም ያው ነው። ክፍት ዕቃ ውስጥ አየር እየተነፋበት አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢቀመጥ ክሎሪኑ ይተናል፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ደግሞ ወዲያው ያጠፋዋል። ማዕድኑ ግን ባለበት ይቀራል። አዲስ አበባ ላይ እንኳ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣው ውኃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከሰፈር ሰፈር የቀየረ ዓሣ አርቢ ውኃውን እንደ አዲስ መለካት ይኖርበታል።

በሌላው ዓለም የባሕር ገንዳ ያላቸው ሰዎች ይህን ሁሉ የሚፈቱት በማጣሪያ ነው። ውኃው እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ በግፊት ይገደዳል፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ማዕድን በሚለቅም ሙጫ ውስጥ ያልፋል። የሟሟ ማዕድን መለኪያው ዜሮ እስኪያነብ ይጣራል። ሥራው አስተማማኝ ነው። ነገር ግን ሽፋኑ ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ይፈልጋል፤ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ግፊት የሚሰጠው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የሚባክነው ውኃ ነው፤ አንድ ሊትር ንጹህ ውኃ ለማግኘት ሦስት ሊትር ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈስሳል።

ይህን በጄሪካን እናስላው። መቶ ሊትር የሚይዝ ገንዳ በየሳምንቱ አንድ አሥረኛው ይቀየርለት ቢባል በዓመት 520 ሊትር ይሆናል፤ በሃያ ሊትር ጄሪካን 26 ነው። በማጣሪያው መንገድ ከሄድን ግን 2,080 ሊትር፣ ማለትም 104 ጄሪካን መቅዳት ያስፈልጋል። ትነቱ ገና አልተቆጠረም። የበጋው አየር ደረቅ በመሆኑ ገንዳው በየቀኑ ይጎድላል፤ የሚተነው ውኃ ብቻ ስለሆነና ጨው ስለማይተን፣ ጉድለቱ የሚሞላው ጨው በሌለው ውኃ ነው። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ድርቅ የዋግን ሰሃላ፣ ዝቋላና አበርገሌ ወረዳዎች ሲመታ ሰውም ከብትም ውኃ ፍለጋ ተንከራትቷል። የ1977ቱ ረኃብም ከዋግ አእምሮ የሚወጣ አይደለም። በእንዲህ ያለ አገር እናቶች ተሰልፈው ከሚቀዱበት ቦኖ ለአንድ ቤት ጌጥ መቶ ጄሪካን ወስዶ ሦስት አራተኛውን ማፍሰስ ለእኔ ተቀባይነት የለውም። ማጣሪያ የሚጠቀም ቢኖር እንኳ ያፈሰሰው ውኃ ለልብስና ለጓሮ አትክልት መዋል አለበት፤ ንጹህ ውኃ ነውና።

የሚቀረው የሰማይ ውኃ ነው፤ በሰቆጣ ሁኔታ ከሁሉም የምመርጠውም እሱን ነው። ዝናብ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ ፒኤቹ 5.6 አካባቢ ቢሆንም የባሕር ጨው ሲገባበት ይስተካከላል። ፋብሪካና መኪና በበዛበት ከተማ አየሩ ያቆሽሸዋል፤ ዋግ ይህ ችግር ብዙም የለባትም። ችግሩ ያለው የሚቀዳበት ላይ ነው። በአብዛኛው ቤት ዝናብ የሚሰበሰበው ከቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ቆርቆሮው እንዳይዝግ የተለበጠበት ዚንክ ለስላሳና ትንሽ አሲድነት ባለው የዝናብ ውኃ በቀላሉ ይሟሟል። ዚንክና መዳብ ለኮራል፣ ለቀንድ አውጣና ለሽሪምፕ መርዝ ናቸው። ሰው ሳይታወቀው የሚጠጣው መጠን ለእነሱ ይበዛል። ጣሪያው አርጅቶ ከዛገ ወይም በማይታወቅ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ዝናቡ ጣሪያውን ሳይነካ ይቀዳ። ሦስት በአራት ሜትር የሆነ ንጹህ ፕላስቲክ አራት ማዕዘኑ ተወጥሮ መሐሉ ዝቅ ቢል 12 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ የዓመቱን 520 ሊትር ለመሙላት 44 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይበቃል። ትነቱን ለመተካት እጥፉ ይያዝ ቢባል እንኳ በዋግ አጭር ክረምት የማይገኝ አይደለም። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናቦች የበጋውን አቧራ፣ የማገዶ ጢስና የወፍ ኩስ አጥበው ስለሚወርዱ ይለፉ፤ የሐምሌና የነሐሴው ይቀዳ። ማጠራቀሚያው ለምግብ የሚሆን ፕላስቲክ፣ ብርሃን የማያስገባና ክዳኑ የሚገጥም ይሁን፤ ሮቶ ጥሩ ነው፤ ዘይት፣ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ግን በጭራሽ አይሁን። መለኪያው በአንድ ሊትር ከ10 ሚሊ ግራም በታች ካነበበ ውኃው በትንሽ ሙጫ አልፎ ለጨው ቅመማ ይደርሳል፤ ውኃ የሚያባክነው ሽፋንም ግፊት የሚሰጥ ፓምፕም አያስፈልግም።

የታሸገ ውኃ ውድ ነው፣ ማዕድንም አለው። ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም በዚያው ሱቅ የባትሪ አሲድም ስለሚሸጥ ጽሑፉን ሳያነቡ መግዛት አደገኛ ነው።

የትኛውም ውኃ ቢመረጥ ከፍታው የሚያመጣውን ችግር ማለፍ አይቻልም። በ2,200 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨው ደግሞ የበለጠ ይቀንሰዋል። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ የባሕር ውኃ በባሕር ዳርቻ በአንድ ሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በሰቆጣ ከ5 ብዙም አይበልጥም። ይህ ለዓሣ ከጠርዝ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ዓሣው ጥቂት፣ የውኃው እንቅስቃሴ ብርቱ መሆን አለበት፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያስፈልጋል። አዲስ የተቀመመ የባሕር ውኃም ዓሣ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ሲነፋበት ይደር።

ከገንዳው ተቀይሮ የሚወጣው የጨው ውኃ ጓሮ አይደፋ፤ ማሳ ያበላሻል። ከውጭ የመጣ ዓሣም ወደ ወንዝ አይለቀቅ።

ለብዙ ቤቶች ግን ከባሕሩ ይልቅ ተከዜ ይቀርባል። ኅዳር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን፣ ከጀርባው የተኛው ሐይቅ እስከ ዋግ ቆላ ይዘልቃል። እዚያ ቆሮሶና አምባዛ ይጠመዳሉ፤ በሰቆጣ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም ዓሣውን ያጠናል። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል የሰቆጣ ስም የተሰጠው ነውና፣ ዓሣ እዚህ ከጌጥ በፊት ምግብ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ቆሮሶ በኩሬ ወይም በገንዳ ለማርባት የውኃው ምርጫ በጣም ይቀላል። ፒኤቹ ከ6.5 እስከ 9 ያለ፣ አየር የተነፋበት የምንጭ ውኃ ይስማማዋል፤ ውኃው ጥቂት ከባድ ቢሆን እንዲያውም ይጠቅመዋል። የሚያስቸግረው ብርዱ ነው። ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይወዳል፤ ከ16 ሲወርድ መብላት ያቆማል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። በቆላው ያለ ማሞቂያ ያድጋል፤ ለሰቆጣ ሌሊት ግን ማሞቂያ ይፈልጋል።

እንግዲህ ገንዳ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት የማዕድን፣ የፒኤችና የናይትሬት መለኪያ ግዙ። የምታስቡትን ምንጭ ወይም ጉድጓድ አንድ ጊዜ በግንቦት ውኃው ሲያንስ፣ አንድ ጊዜ በነሐሴ ሲሞላ ለኩና ቁጥሩን ጻፉ፤ በዚያው ክረምት ደግሞ ፕላስቲክ ወጥራችሁ ምን ያህል ዝናብ እንደሚጠራቀም እዩ። እስከሚቀጥለው ሰኔ የሚያደርስ ውኃ ካልያዛችሁ የባሕር ገንዳውን ተዉትና በቆሮሶ ጀምሩ።