የችኮላ ምግብና የልጆቻችን ጤና

ሰው ሳይበላ ሊኖር የማይችል መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን የበላ ሁሉ ተመግቧል ማለት አይደለም፤ ሆድን መሙላት ለብቻው ነው፥ አካልን ማነጽም ለብቻው ነው። ይህ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ የሚገለጠው በልጆች ላይ ነው። ያደገ ሰው የሚበላው ያለውን ኀይል ለመጠበቅ ሲሆን፥ ልጅ ግን የሚበላው ዐጥንቱንና ሥጋውን አእምሮውንም ጭምር ለመሥራት ነው። አባቶቻችን «ልጅ በጡት፥ እህል በጥቅምት» ሲሉ የተናገሩት ለእድገት ሁሉ መሠረት የሚጣልበት ጊዜ እንዳለው ለማስታወስ ነው።

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፥ «ኢንቺስ» የተባለው የጣልያን ድርጅት ለመንግሥቱ ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው። ከዚያም ወዲህ መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች እየበዙበት ሄዱ፤ በአቅራቢያውም የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት የአሮጌው ሰፈር ብዙው ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። ሰፈር ሲለወጥ ቤቱና መንገዱ ብቻ ሳይሆን የሰው አበላልም አብሮ ይለወጣል። ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ ልጁን ከትምህርት ቤት በተቀበለ ጊዜ ምሳውን ወይም መክሰሱን በመንገድ ላይ ካገኘው ይገዛል። በምግብ ቤቱ በርገርና ፒዛ፥ የተጠበሰ ዶሮና ድንች ይቀርባል፤ በመንገዱ ዳር ሳምቡሳ፥ ፓስቲና ቦንቦሊኖ ይሸጣል። ፒዛ ሃት የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ መጀመሩም ይህ አመል ምን ያህል እንደ ገባ የሚያሳይ ነው።

እኛ ይህን የምንጽፈው ደክሞት የሚገባውን ወላጅ ለመንቀፍ አይደለም። ምግብ በፍጥነት መቅረቡም በራሱ ነውር አይደለም፤ በሶና ቆሎም ፈጥነው የሚቀርቡ ናቸው። ጉዳቱ ያለው ስብ፥ ጨውና ስኳር ከልክ በላይ ሲገቡበት ነው። ለምሳሌ የተቀቀለ ድንች ስብ የለውም ሊባል የሚቻል ሲሆን፥ ያው ድንች በዘይት ሲጠበስ በ100 ግራም ውስጥ 15 ግራም ያህል ስብ ይይዛል። ዘይቱም እየተመላለሰ የሚፈላና የጠቈረ እንደ ሆነ ጉዳቱ ይብሳል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኮካ ኮላም 35 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ይህም ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፥ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ኀይል ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጥ፥ ቢቻል ከ5 እጅ እንዲያንስ መክሯል። በቀን 1,600 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ 10 እጅ ማለት 40 ግራም ነው። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን የቀኑን ልክ ሊጨርስ ምንም አይቀረው።

ሕዝባችን ረኀብን ገና ድል ያልነሣ ሆኖ ሳለ ስለ ውፍረት መነጋገር ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶው 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ያህል አላደገም። ነገር ግን ሁለቱ ችግሮች ተጻራሪዎች አይደሉም፤ የሁለቱም ሥር የምግቡ ጥራት ማነስ ነው። በለስላሳ መጠጥና በተጠበሰ ሊጥ ሆዱ የሞላ ልጅ ብረትና ፕሮቲን ሳያገኝ ጠግቦ ይውላል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2025 እንደ ገለጠው፥ በዓለም ላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ለትምህርት የደረሱ ልጆች ቍጥር ክብደታቸው ከሚገባው በታች ከሆነው በልጧል። ከሰሃራ በታች ያለችው አፍሪካ ገና ከዚህ ደረጃ አልደረሰችም፤ ስለዚህ የእኛ ዕድል በሽታው ሳይገባ በሩን ለመዝጋት ጊዜ ማግኘታችን ነው። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ከገቡ በኋላ መድኀኒታቸው የዕድሜ ልክ ነውና።

እንግዲህ ወላጅ በምግብ ቤት ሲቀመጥ ምን ይምረጥ? አስቀድሞ መጠጡን ይለውጥ፤ በለስላሳው ፈንታ ውሃ ያስቀርብ፤ ይህ ብቻውን ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። ሁለተኛ መጠኑን ይመልከት፤ ለዐዋቂ የተሠራው ምግብ ለሁለት ልጆች ይካፈል። ሦስተኛ ከተጠበሰው ይልቅ የተቀቀለውን ወይም በምድጃ የበሰለውን ይምረጥ፤ ሰላጣና ቲማቲም ያስጨምር፤ ማዮኔዝና ካቻፕ ግን ይቀነስ። አራተኛ ፒዛውና በርገሩ የበዓል እንጂ የዕለት ምግብ አይሁን። ከዚህም ይልቅ በዚያው ሰፈር በርካሽ ዋጋ የሚገኘውን ያስታውስ፤ ፉል ከዳቦ ጋራ፥ ቅቅል እንቁላል፥ ሽሮ በእንጀራ፥ ሙዝና ብርቱካን ሁሉ ፈጥነው የሚቀርቡ ናቸው። ጤፍ ብረትና ካልሲየም፥ ሽሮም ፕሮቲን እንዳላቸው የታወቀ ነው፤ የኑግና የሱፍ ዘይትም ከውጭ ከሚመጣው የፓልም ዘይት ይልቅ ለልብ የሚስማሙ ናቸው።

በዚህ ላይ ካህናትም ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። በጾም ወራት ችፕስና ሳምቡሳ «የጾም ነው» እየተባለ በልጆች እጅ ይበዛል። የጾም ምግብ መሆኑ ከሥጋና ከወተት የተለየ ያደርገዋል እንጂ ከዘይቱና ከጨው ጉዳት አያድነውም። እንግዲህ ካህኑ የነፍስ ልጆቹን ሲጐበኝ፥ የሰንበት ትምህርት ቤቱም ለልጆች ዝክር ሲያዘጋጅ፥ በለስላሳው ፈንታ ውሃና ፍሬ፥ ዳቦና ንፍሮ ቢያቀርብ ምሳሌነቱ ከብዙ ስብከት ይበልጣል። የክፍለ ከተማው ስም የተጠራበት ቅዱስ ቂርቆስ ራሱ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋራ የሚታሰብ ሕፃን ነውና፥ በዚህ ስፍራ ስለ ሕፃናት ማሰብ እንግዳ ነገር አይደለም።

መንግሥትም የጀመረው ሥራ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 በለስላሳ መጠጥና በጎጂ ስቦች ላይ ቀረጥ ጥሏል። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መመገብ ተጀምሮ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ልጆች ተጠቅመዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ምግብን አለዋውጦ መብላትንና ስኳርን፥ ጨውንና ስብን መቀነስን የሚመክር አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ ወጥቷል። ነገር ግን መመሪያ ከመደርደሪያ ወርዶ ከትምህርት ቤቱ በር ካልደረሰ ዋጋው ጥቂት ነው። ቺሌ የተባለችው የደቡብ አሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር፥ ጨውና ስብ በበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ፥ በትምህርት ቤትም እንዳይሸጥ፥ ልጆችንም በመጫወቻ ስጦታ እንዳያማልል ከለከለች። ሕግ አውጭዎቻችን ይህን መርምረው ለአገራችን የሚስማማውን ቢወስዱ መልካም ነው። የየመሥሪያ ቤቱ አለቃም በስብሰባ ላይ በለስላሳው ፈንታ ውሃ በማቅረብ ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል፤ ይህ አዋጅ አያስፈልገውም።

«ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። በሕፃንነቱ የለመደውን ጣዕም ልጅ በጕልምስናው ይፈልገዋል። ስለዚህ ዛሬ በገበታው ላይ የምናቀርብለት ነገር ለአንድ ቀን መክሰስ ብቻ ሳይሆን ለዕድሜው ሁሉ የሚሆን ትምህርት መሆኑን ዐውቀን፥ ወላጅ በቤቱ፥ መምህር በትምህርት ቤቱ፥ ካህን በደብሩ፥ ሹምም በሥልጣኑ ድርሻውን እንዲፈጽም እናሳስባለን።