የማይሰረዝ ቁጥር

የኮምፒውተር ፕሮግራም ከጥንት ጀምሮ በብዛት የተጻፈው ትእዛዝን በትእዛዝ ላይ እየደረቡ በማኅደረ ትውስታ የተቀመጠውን ቁጥር በመለዋወጥ ስለ ሆነ፣ ሥራው እየገዘፈ በሄደ መጠን «ይህ ቁጥር አሁን ስንት ነው? ማንስ ለወጠው?» የሚለው ጥያቄ የጸሐፊውን ኅሊና ዕረፍት ይነሳዋል። ባለሙያዎች «ስቴት» የሚሉት ይህ በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ ሁኔታ፣ ቤን ሞስሊና ፒተር ማርክስ እ.ኤ.አ. በ2006 በጻፉት ጥናት ለውስብስብነት ሁሉ ዋነኛ ምክንያት ተብሎ ተከሷል፤ ክሱም በእኔ አስተያየት ተገቢ ነው።

ባልና ሚስት በጋራ ሂሳባቸው 1000 ብር ኖሯቸው፣ እርሱ 300፣ እርሷ 200 ለማውጣት በአንዲት ቅጽበት በሁለት የተለያዩ ማሽኖች ፊት ቆሙ እንበል። ሁለቱም ማሽኖች 1000 ያነባሉ፤ የሚስቲቱ 800 ብሎ ይመዘግባል፣ የባልየው ደግሞ ይህን ሳያውቅ 700 ብሎ በላዩ ይጽፍበታል። 500 መቅረት ሲገባው 700 ቀረ፤ ባልና ሚስቱ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም፣ የከሰረው ባንኩ ነው።

አሎንዞ ቸርች የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካፈለቀው፣ ላምዳ ካልኩለስ ከተባለው የስሌት ሥርዓት የሚመዘዘው ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ የተባለው የአጻጻፍ ስልት፣ በዚህ ቁጥርን በቁጥር ላይ የመጻፍ ልማድ ፈንታ ጥብቅ ሥርዓት ያዝዛል፤ ይኸውም አንድ ጊዜ የተጻፈው ቁጥር እንዳይሰረዝ፣ ፈንክሽን የሚባለው የስሌት ክፍልም ከአሮጌው አዲሱን እንዲያስገኝ እንጂ አሮጌውን እንዳይነካ፣ ሺህ ጊዜ ቢጠየቅም ለተመሳሳይ ጥያቄ ተመሳሳይ መልስ እንዲሰጥ ነው። በቀድሞው ልማድ የሚጻፈውን ፎርትራን የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረውን ቡድን የመራው ጆን ባከስ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ1977 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል የቀድሞውን ልማድ ነቅፎ ለዚህኛው ተሟግቷል።

ታዲያ ሚሊዮን ስሞች ካሉበት መዝገብ አንዱን ለማረም መዝገቡን በሙሉ እንደ አዲስ መገልበጥ ሊያስፈልግ ነውን? አያስፈልግም። ሪች ሂኪ እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ክሎዠር በተባለው ቋንቋ ዝርዝሩ በዛፍ አምሳል ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ መገናኛ 32 ቅርንጫፍ ስላለው አራት እርከን ብቻ 1,048,576 ቅጠል ይይዛል። አንዱ ቅጠል ሲታረም ከሥሩ እስከ እርሱ ያሉት አራት መገናኛዎች ብቻ ተገልብጠው፣ የቀረውን አሮጌውና አዲሱ መዝገብ በጋራ ይጠቀሙበታል።

ሆኖም የባንኩ ሂሳብ በእውነት የሚለወጥ ነገር ስለ ሆነ ለውጥን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው ስፍራውን ማጥበብ ነው። ክሎዠር ለዚህ «አተም» የሚባል ማኖሪያ አለው። የባልየው ስሌት 1000 አንብቦ 700 ካገኘ በኋላ፣ ከመመዝገቡ አስቀድሞ በማኖሪያው ያለው ያው 1000 መሆኑ ይመረመራል፤ ሚስቲቱ ቀድማ 800 አድርጋው ከሆነ ግን የመጀመሪያው ውጤት ተጥሎ ስሌቱ ከ800 ተነሥቶ ይደገማል፣ 500ም ይመዘገባል። ምሥጢሩ ሁሉ ያለው በዚህ መደገም ነው፤ ፈንክሽኑ ከራሱ ውጭ ምንም ስለማይነካ አሥር ጊዜ ቢደገም የሚጎዳው የለም። ብር ቆጥሮ የሚያወጣው ማሽን ግን ሁለት ጊዜ ቢታዘዝ ሁለት ጊዜ ይከፍላልና፣ የክፍያው ትእዛዝ ከስሌቱ ተለይቶ፣ 500 ከተመዘገበ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይተላለፋል።