የጮቄ ውርጭና የቦኖው ቧንቧ

ክረምት ስንል ዝናብ ነው የሚታየን። አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችን ደግሞ በረዶ። ጎጃም ደጋ ላይ ግን ውሃ የሚያደርቀው ብርድ የሚመጣው በበጋ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ደመና በሌለበት ሌሊት። ደመና እንደ ብርድ ልብስ ነው። እሱ ሲገፈፍ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ሣሩም ነጭ ለብሶ ያነጋል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት። ከተማው ውስጥ ሮቶዬ በረዶ ይሆናል ብሎ የሚሰጋ የለም። ወደ ጮቄ ሲወጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል፣ ተራራው ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ማርቆስ ንጋት ላይ 8 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ከዜሮ በታች ነው ማለት ነው።

ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቧንቧ የሚሰነጥቀውም ይሄ ነው። ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ትልቁ ሮቶ ላይ ነው። እሱ እንኳ ቶሎ አይበገርም፦ 1,000 ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ በረዶ ለመሆን ከ90 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት መልቀቅ አለበት፣ ያ ደግሞ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም። የሚያሰጋው ከመሬት ብቅ ያለው ቀጭኑ ቧንቧና ጫፉ ላይ ያለው መክፈቻ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቤት በሆነ መኪና የሚዞሩ ሰዎች ከፍሳሽ ታንካቸው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያነጥፋሉ። እኛ ጋ ገለባ አለ። ቧንቧውን በገለባና በጆንያ ጠቅልሎ ከላይ ላስቲክ ማልበስ ነው፤ ላስቲኩ አይዘለል፣ የረጠበ ገለባ ሙቀት አይይዝም። አዲስ መስመር ከሆነ ጠለቅ አድርጎ መቅበር። ማታ ቫልቩን ዘግቶ የቀረውን ውሃ ማፍሰስ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፣ ባዶ ቧንቧ ምን ይሰነጠቃል? በረዶ ሆኖ ካደረም ለብ ያለ ውሃ እንጂ እሳት አታስጠጉ፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ገለባው ርካሽ ነው። ችግሩ፣ ቦኖው የሁሉም ሲሆን በዚያ ብርድ ወጥቶ ቫልቭ የሚዘጋው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ቧንቧው ሲፈነዳ ጀሪካን አዝላ ወደ ምንጭ የምትወርደው ደግሞ ከኮሚቴው ስብሰባ ላይ የሌለችው ልጅ ናት። ለቦኖ ጠባቂው በነዚያ ጥቂት ወራት ትንሽ ጭማሪ ቢታሰብለት ከአዲስ ቧንቧ ይረክሳል፤ የልጅቷን ጠዋት ሳንቆጥር።